ዲኤስቲቪን ሳንተው ክፍያውን በግማሽ የቀነስንበት መንገድ

ቤታችን ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። ቴሌቪዥናችን አንድ ነው፤ ተመልካቹ ግን ሦስት ዓይነት። ባለቤቴ ኳስ ይከታተላል፣ አማቴ ተከታታይ ድራማ አያመልጣቸውም፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ ካርቱን ይላሉ። የቤቱን ሂሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። የዲኤስቲቪው ክፍያ እየከበደ መጥቶ ከልጆቹ የትራንስፖርት ወጪ ጋር ሲተካከል ዝም ብሎ ማየት አልተቻለም። ጨርሶ ማቋረጥ ቀላል ነበር፤ ግን ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ሲገባ ደስ የሚለውን ነገር ከቤት ማውጣት ለእኔ ቁጠባ አይደለም። ስለዚህ ማንም ሳይከፋው የሚቀንስበትን መንገድ ፈለግን፣ አገኘንም። አሁን በዓመት የምናወጣው ድሮ እናወጣ ከነበረው ግማሽ ያህሉን ነው። ጎረቤቶቼም የሥራ ባልደረቦቼም ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ያደረግነውን እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልበል። የኳስ ማስተላለፊያ መብቱ፣ የሳተላይት ኪራዩ፣ ቻናሎቹን የሚከፍተው ሣጥን ማለትም ዲኮደሩ ራሱ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ እንዴት እንደተወደደ የማያውቅ የለም። ስለዚህ "ነገ ይቀንሱልናል" ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ በእጃችን ያለው የራሳችን አከፋፈል ነው። የፓኬጆቹን፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚሸጡትን የቻናል ስብስቦች፣ ዋጋ እዚህ በቁጥር ያልጻፍኩትም በየጊዜው ስለሚለወጥ ነው፤ የዛሬውን ዋጋ ከወኪል ወይም ከድርጅቱ የስልክ መተግበሪያ ላይ ማየት ይሻላል።

የመጀመሪያው ሥራችን ምንም ብር አልጠየቀም። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ አሮጌ ደብተር አስቀመጥን፣ እስክሪብቶውን በክር አሰርንበት። ማንም ሰው ቴሌቪዥን ሲከፍት ሰዓቱን፣ ቻናሉንና ያየውን ነገር ይጽፋል። ትልቋ ልጄ ኃላፊነቱን ወሰደች፤ አያቷ ያዩትን የምትጽፍላቸውም እሷ ነበረች። ደብተሩ ጥቂት ሳምንት ከሞላ በኋላ አንድ ቀን ማታ ሦስታችን፣ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ፣ ቁጭ ብለን አየነው። ያን ሁሉ ቻናል እየከፈልንበት የምንከፍታቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አማቴ የሚያዩት ካና፣ ኢቢኤስና ፋና ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ የኦቢኤንን ዜና በኦሮምኛ ይሰማሉ። እነዚህ ሁሉ በነጻ የሚታዩ ቻናሎች ናቸው፤ እኛ ግን በዲኤስቲቪው ዲኮደር እያየናቸው የሚከፈልባቸው ይመስሉን ነበር። ልጆቹ ካርቱን የሚያዩት ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። በእውነት ገንዘብ የሚያስወጣን የባለቤቴ ኳስ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ይህንን ደብተር ሳትይዙ ወደ ሌላው እንዳትሄዱ። በቃል ስትጠያየቁ ሁሉም ሰው "እኔ እኮ ያን ቻናል አያለሁ" ይላል፤ የተጻፈውን ሲያይ ግን ራሱ ይተወዋል። ባለቤቴ ለፊልም ቻናሎቹ ሲከራከር ቆይቶ፣ ደብተሩ ላይ አንድም ፊልም እንዳልተመዘገበ ሲያይ "እሺ፣ ይቅር" አለ። ጭቅጭቅ የለም፣ ማንም አልተሸነፈም።

ቀጥሎ የአከፋፈሉን ባህሪ መረዳት ያስፈልጋል። ዲኤስቲቪ አስቀድሞ የሚከፈልበት ነው። የከፈላችሁት ወር ሲያልቅ ይቋረጣል፣ ስትከፍሉ ይለቀቃል። እኛ ሳንከፍል የቆየንባቸው ወራት ዕዳ ሆነው አልመጡብንም፣ ሲለቀቅም ከከፈልንበት ቀን ጀምሮ ነው አዲሱ ወር የተቆጠረው። ብዙ ሰው ግን እንደ ውሃና እንደ መብራት ቢል ያየዋል፤ ወሩ ሲያልቅ መከፈል ያለበት ይመስለዋል። እኔ የማውቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ክረምቱን በሙሉ ገጠር እናታቸው ዘንድ እየከረሙ በየወሩ ልጃቸውን ልከው ያስከፍሉ ነበር፤ "እንዳይቆረጥብኝ" ብለው። ቢቆረጥ ምንም አይጎድልባቸውም ነበር።

ለኳስ ወዳድ ቤት ትልቁ ቁጠባ ያለው ቀን መቁጠሪያው ውስጥ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አብዛኛውን ጊዜ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ይጀምርና ግንቦት አጋማሽ አካባቢ ያልቃል። የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜም ግንቦት መጨረሻ ላይ ይውላል። ከዚያ ወዲያ ሰኔ አለ፣ ሐምሌ አለ፣ የነሐሴ መጀመሪያ አለ። ጅማ ውስጥ እነዚህ ወራት ምን እንደሆኑ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ከጠዋት ይጀምራል፣ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል፣ የዲሹ ሲግናል በየመሐሉ ይጠፋል። ኳስ በሌለበትና ሲግናል በሚደክምበት ወቅት ነው ሙሉ ክፍያ ስንከፍል የኖርነው። አሁን ግንቦት ላይ የመጨረሻው ጨዋታ የተካሄደበት ወር ሲያልቅ አንከፍልም። ነሐሴ ላይ ሊጉ ሲጀመር እንመለሳለን። አንዳንዴም ነሐሴን ዘለን መስከረም ላይ ነው የምንጀምረው፤ ትምህርት ቤት የሚከፈትበትና የበዓል ወጪ የሚደራረብበት ስለሆነ ባለቤቴ ራሱ "የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ሠፈር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ፣ ለየጨዋታው ከፍዬ አያለሁ" ይላል።

የዓለም ዋንጫ ያለበት ክረምት ከዚህ ይለያል። የዓለም ዋንጫ በየአራት ዓመቱ በልማዱ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው የሚውለው፤ እ.ኤ.አ. የ2022ቱ የኳታሩ ብቻ ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ተዛውሯል። የዓለም ዋንጫ ባለበት ዓመት ከመክፈላችሁ በፊት የአገር ውስጥ ቻናሎች ጨዋታዎቹን ያስተላልፉ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተላለፈ ለዚያ ብላችሁ አትከፍሉም።

አሁን ደግሞ ሂሳቡን እዩት። ፕሪሚየር ሊግ ላይ 20 ክለቦች አሉ፣ እያንዳንዱ ከ19ኙ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚጫወት በዓመት 38 ጨዋታ አለው። ባለቤቴ የአርሰናል ደጋፊ ነው። 38ቱ ጨዋታ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ሲከፋፈል በወር አራት ገደማ ነው የሚደርሰው። የፓኬጃችሁን የወር ዋጋ ለአራት አካፍሉትና የሚመጣውን ቁጥር ሠፈራችሁ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ለአንድ ጨዋታ ከሚያስከፍለው ጋር አስተያዩት። የአንድ ክለብ ጨዋታ ብቻ የሚያይ ብቸኛ ሰው ከሆናችሁ መልሱ ወዲያው ይታያችኋል፤ ዲኮደር መግዛትም አያስፈልጋችሁም። አንድ ወንድሜ አጂፕ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር ላጤ ነው፤ ይህን ሂሳብ ሠርቶ ዲኮደሩን ለዘመድ ሰጠ፣ ደስተኛ ነው።

ለእኛ ቤት ግን ነገሩ እንደዚያ ብቻ አልሆነም። ዲኤስቲቪ ቤት ለቅዳሜና ለእሑድ ከሰዓት ጥሩ ነው። በእንግሊዝ አቆጣጠር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ የሚጀምረው ጨዋታ በእነሱ የብርድ ወራት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ አልቆ ሰውየው ለእራት ቤቱ ይደርሳል። የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ግን በዚያው ወቅት ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው የሚያበቃው። በዚያ ሰዓት ባጃጅ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው፣ እኔም እስኪመጣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ የሌሊት ጨዋታ የሚበዛባቸውን ወራት እንከፍላለን፣ ጨዋታ የሚሳሳባቸውን ወራት እንዘላለን። ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ተብሎ ሊጎቹ የሚቆሙባቸው ሳምንታት አሉ፤ ወራችን በእነዚህ ሳምንታት አካባቢ የሚያልቅ ከሆነ ሊጉ እስኪመለስ ቆይተን ነው የምንከፍለው። የጨዋታ መርሐ ግብሩን ባለቤቴ ከስልኩ ገልብጦ ከቀን መቁጠሪያው ጎን ለጥፎታል። ራሱ አይቶ ራሱ "በዚህ ወር አትክፈሉ" ሲል መስማት እንዴት ደስ እንደሚል አልነግራችሁም።

ወደ ፓኬጅ እንምጣ። የዲኤስቲቪ ፓኬጆች ከታች ወደ ላይ ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ፣ ሜዳ ፕላስ፣ ፕሪሚየም እየተባሉ ነው የሚሄዱት። ደረጃ በወጣ ቁጥር ዋጋው ብዙ ይዘላል። ሰው ብዙውን ጊዜ ዲኮደሩን ሲገዛ የተነገረውን ፓኬጅ ይዞ ነው የሚኖረው። እኛም በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ጨዋታዎቹን ሲያስተናግድ ነው የገዛነው፤ የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሳበት ስሜት ከተማው ውስጥ ገና አልበረደም ነበር። ያኔ የተያዘው ፓኬጅ ዓመታት ሙሉ ሳይነካ ቆየ።

ዝቅ ለማድረግ ወኪል ዘንድ ስሄድ እዚሁ ጅማ መርካቶ በኩል ያለ ሱቅ ነው የገባሁት። ልጁ ትሑት ነው፣ ግን ሥራው መሸጥ ነው።

"እህቴ፣ ትንሽ ጨምረሽ ከፍ ብታደርጊው አይሻልም? ብዙ ቻናል ታገኛለሽ" አለኝ።

"ወንድሜ፣ ብዙ ቻናል አልፈልግም። የእንግሊዝ ሊግ የሚተላለፍበት ቻናል ከዚህ በታች ባለው ፓኬጅ ውስጥ አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ እይልኝ።"

ስልኩን አውጥቶ የቻናል ዝርዝሩን ከፈተና አየ። "አለ" አለኝ። አለቀ።

ወኪል ዘንድ ስትሄዱ የምትጠይቁት ይኸው አንድ ጥያቄ ይሁን። "የትኛው ፓኬጅ ጥሩ ነው?" ካላችሁ ውድውን ይነግሯችኋል። "ይህ ጨዋታ የሚታይበት ቻናል የሚገኝበት ዝቅተኛው ፓኬጅ የትኛው ነው?" ካላችሁ ግን እውነተኛውን መልስ ታገኛላችሁ። ቻናሎች ከፓኬጅ ፓኬጅ ስለሚዘዋወሩ ነሐሴ ላይ ሊጉ ሊጀመር ሲል እንደገና ጠይቁ። ፓኬጅ ማሳደግ ወዲያው ነው የሚሠራው፤ ዝቅ ማድረግ ግን እኛ ጋ የተከፈለበት ወር እስኪያልቅ ጠብቆ ነው የተለወጠው። ስለዚህ ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጠይቁ እንጂ ከከፈላችሁ በኋላ አትሂዱ። ሁለት ቴሌቪዥን ያላችሁና ለሁለተኛው ዲኮደር ተጨማሪ የምትከፍሉ ደግሞ መጀመሪያ የምትቆርጡት እሱን ነው።

አሁን የአማቴ ነገር። ኳሱ ሲቋረጥ ቤቱ ጭር እንዳይል፣ ነጻ ቻናሎቹ ከዲኤስቲቪው ተለይተው መግባት ነበረባቸው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ቻናሎች ኢትዮሳት በሚባለው ሥርዓት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ሳተላይት ላይ ተሰባስበዋል። ዲሽ፣ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለፊት ክንዱ ላይ የሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ) እና ተራ ሪሲቨር ካለ በየወሩ የሚከፈል ነገር የለም። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ ድሮ ናይልሳት ወደሚባለው ሳተላይት የተተከለ ዲሽ ጣሪያ ላይ ዝጎ ተቀምጧል፣ ሪሲቨሩም ቁምሳጥን ውስጥ አለ። እኛ አዲስ ነገር አልገዛንም፤ ያንኑ ዲሽ አዞርነው። የከፈልነው የሠራተኛውን እጅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሲደናገር ስላየሁ ትንሽ ላብራራ። 57 ዲግሪ የሚባለው ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ፣ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የቆመበት ቦታ ነው እንጂ ዲሹ የሚያዘነብልበት መጠን አይደለም። ከጅማ ሲታይ ሳተላይቱ በምሥራቅ በኩል፣ ጥቂት ወደ ደቡብ አጋድሎ፣ በጣም ከፍ ብሎ ነው ያለው። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ ወደ ጀንበር መጥለቂያው ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። የዲኤስቲቪው ሳተላይት ደግሞ በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ጅማም ከዚያው መስመር አጠገብ ስለሆነች ከአናታችን በላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ዲሹ ወደ ሰማይ አንጋጦ የሚታየው ለዚህ ነው። ይህን ማወቅ ጥቅም አለው። የእኛ ግቢ በምዕራብ በኩል ትልቅ አቮካዶ ስላለ ናይልሳቱ ቅጠሉ በበዛ ቁጥር ይጠፋ ነበር፤ ወደ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ሲዞር ግን ዛፉ አያስቸግርም። ሠራተኛ ጠርታችሁ "ዛፉ ካልተቆረጠ አይሠራም" ከተባላችሁ፣ ዛፉ በየት በኩል እንደሆነ መጀመሪያ ተመልከቱ።

የዲኤስቲቪው ዲኮደር በኤችዲኤምአይ፣ የነጻው ሪሲቨር በሦስቱ ባለቀለም ገመዶች ቴሌቪዥኑ ላይ ገቡ። ችግሩ አማቴ ጋ ነበር። ሦስት ሪሞት ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ የትኛው የምን እንደሆነ ግራ ይገባቸው ነበር፤ ልጅ ከሌለ ቴሌቪዥኑን አይነኩትም። ልጄ ምን አደረገች፣ የሪሲቨሩን ሪሞት ጀርባ በቀይ ፕላስተር ጠቀለለችው፣ ማብሪያውንና የቻናል መቀየሪያውን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችው፣ ቴሌቪዥኑም ሲበራ በቀጥታ በነጻው ሪሲቨር በኩል እንዲመጣ አደረገችው። አሁን "ቀይዋን አምጪልኝ" ይላሉ፣ ብቻቸውን ከፍተው ያያሉ። ዲኤስቲቪው ይከፈል አይከፈል እሳቸው አያውቁም፣ ማወቅም አያስፈልጋቸውም። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ካለ ይህችን ሥራ አትዝለሏት፤ ርካሹ መንገድ ለእሳቸው ከባድ ከሆነ ወደ ውድው መመለሳችሁ አይቀርም።

ስለ ዝናብና ስለ ጥገና ደግሞ ብዙ የምለው አለኝ፣ ብዙ ብር የሚጠፋው እዚህ ነውና። ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ሲግናሉ መጥፋቱ ብልሽት አይደለም፤ ዲሾቻችን የሚቀበሉትን ሞገድ የዝናብ ጠብታ ይውጠዋል፣ ሲያባራ ይመለሳል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከደከመ ግን አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እኛ ጋ ይህ ሲሆን የመጣው ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ሳይወጣ፣ ከታች ሆኖ ስክሪኑን አይቶ፣ "እህቴ፣ ኤልኤንቢው ተቃጥሏል፣ ዲሹም ተጣሟል፣ ሁለቱም መቀየር አለባቸው" አለን። የጠየቀው ብር የወራት ክፍያ ነበር። አመስግነን ሸኘነውና ሌላ ጠራን።

ሁለተኛው መሰላል ይዞ ወጣ። ኤልኤንቢው ላይ የሚታሰረውን ኮኔክተር ፈትቶ ይዞት ወረደና እጄ ላይ አስቀመጠው። መሐሉ ላይ ያለችው የመዳብ ሽቦ ወርቃማ መሆን ሲገባት ጫፏ አረንጓዴ ሆኗል፣ ዙሪያዋን ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዟታል፤ ኮኔክተሩን ሲያራግፈው ውሃ ጠብ አለ። ገመዱን ጥቂት ቆረጠው፣ አዲስ ጫፍ ላጠ፣ አዲስ ኮኔክተር አሰረበት፣ ከኤልኤንቢው ጀምሮ ገመዱን ጭምር ፕላስተር ጠቀለለበት። ከዚያ አንድ ነገር አደረገ፤ ገመዱን ከኮኔክተሩ በታች ትንሽ አንጠልጥሎ ቅስት አስመስሎ አሰረው። "ውሃው ገመዱን ተከትሎ ወደ ኮኔክተሩ እንዳይገባ፣ እዚህ ታች ላይ ይንጠባጠባል" አለኝ። የሲግናሉ ጥራት ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ። የከፈልነው የኮኔክተርና የድካሙን ነው፤ የመጀመሪያው ከጠየቀው ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ ጅማ ውስጥ ያላችሁ ሁሉ፣ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠነክር ኮኔክተሩን አስፈትሹ። ሠራተኛ "ተቃጥሏል" ካላችሁ የሚሠራ ኤልኤንቢ ከጎረቤት ተውሶ ቀይሮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በተለወጠው ካልሠራ ችግሩ ሌላ ነው። የመብራቱ መውጣት መውረድም ዲኮደር ይገድላል፤ መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ተመልሶ ሲረጋጋ ሰኩት።

አሁን "ሰርቨር" ስለሚባለው። ሁላችሁም ሰምታችሁታል። በኢንተርኔት ተገናኝቶ የሚከፈልባቸውን ቻናሎች በጥቂት ብር የሚከፍት ሪሲቨር፣ የዓመት ሰርቨር እየተሞላ። ለእኛም ቀርቦልን ነበር፣ ባለቤቴም ልቡ ሄዶ ነበር። እኔ አልተቀበልኩም። ያ ምስል የሚሸጠው የእሱ ያልሆነ ሰው ነው፤ ባለመብቱ ሲደርስበት ይዘጋዋል፣ የሚዘጋውም አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ሰው በሚያይበት ትልቅ ጨዋታ ቀን ነው። ሲዘጋ የምትከሱት፣ ብራችሁን የምትጠይቁት ሰው የለም። ሠፈራችን ውስጥ የዓመት ከፍለው ወራት ሳይሞላ ሪሲቨሩ እቃ ብቻ የሆነባቸውን አውቃለሁ። ኢንተርኔቱም የራሱን ብር ይበላል። ከአንድ ዲኮደር ገመድ ስቦ ለጎረቤት ማካፈልም እንዲሁ ከውሉ ውጭ ነው። ቁጠባው በራሳችን ነገር ላይ ሲሆን ነው እንቅልፍ የሚያስወስደው።

የልጆቹን ጥያቄ በፍላሽ ነው የመለስነው። ተራው ሪሲቨር የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፣ ቪዲዮ ያጫውታል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስሄድ የልጆች ዝግጅቶች፣ የፊደልና የሒሳብ ትምህርቶች፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ያሉትን አውርጄ እጭናለሁ። ልጅ አንዱን ነገር ደጋግሞ ማየት ስለማይሰለቸው አንድ ፍላሽ ብዙ ይሄዳል። ለኳስ ግን ስልክ ላይ አትመኩ፤ በመካከለኛ ጥራት እንኳ ቪዲዮ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ጨዋታው ከነእረፍቱ ሁለት ሰዓት ነው። በዳታ ከቀጠላችሁበት ከዲኤስቲቪው ያተረፋችሁት ተመልሶ ይሄዳል። የጎሎቹን አጭር ቪዲዮ ማየት ግን ሌላ ነው፣ እሱ ቀላል ነው።

ስትከፍሉ ደግሞ ወኪል ዘንድ መሄድ የለባችሁም፤ በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ይከፈላል። የስማርት ካርዱን (የዲኮደራችሁን ካርድ) ቁጥር አንዴ በትክክል ጽፋችሁ ያዙት፣ ቁጥሩ ከተሳሳተ ብሩ ለሌላ ሰው ካርድ ሊገባ ይችላል። ስሙ ሲመጣ የራሳችሁ መሆኑን አይታችሁ ነው ማረጋገጫውን የምትጫኑት፣ ደረሰኙንም አታጥፉት። ስትከፍሉ ዲኮደሩ በርቶ፣ በሚከፈልበት ቻናል ላይ ቆሞ ይሁን። ከፍላችሁ ኢ16 የሚል ጽሑፍ ካልጠፋ ብሩ አልገባም ማለት አይደለም፤ ዲኮደሩ የፈቃድ መልእክቱን ገና አልተቀበለም ማለት ነው። በመተግበሪያቸው ውስጥ ስህተቱን የሚያጠፋ አማራጭ አለ፣ እሱን ጫኑና ትንሽ ጠብቁ። ኢ48 ካለ ግን የሲግናል ጉዳይ ነው፣ ክፍያን አይመለከትም፤ ወደ ገመዱና ወደ ዲሹ ሂዱ።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው "ክረምቱን በሙሉ ከተዘጋ ዲኮደሩ ይበላሻል ወይ?" የሚል ነው። የእኛው አልተበላሸም። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ሲከፈት ግን ሶፍትዌሩን ማደስ ሊፈልግ ይችላል፣ ያኔ መብራት እንዳይጠፋበት ተጠንቀቁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩ አትክፈሉ፤ ከአንድ ቀን በፊት ዲኮደሩን ከፍታችሁ፣ ሲግናሉን አይታችሁ፣ ከዚያ ነው ብሩ የሚላከው። ሲግናሉ ከሌለ ቅድሚያ ጥገናው ይሠራል፣ ክፍያው ይጠብቃል።